ቁመት 640

ኅዳር 8 ቀን 2071 ዓ.ም. ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ በደብረ ብርሃን የስምሪት አዳራሽ ውስጥ ዐሥራ ሁለት መስኮቶች ይሠሩ ነበር። የሁሉም ወርድ 1024 የስክሪን ነጥብ፣ ቁመት ደግሞ 640 ነጥብ ነው። አዛውንት እንዲያነቡት ተብሎ ፊደሉ ትልቅ ተደርጓል። ወደ ታች ማሸብለል ወረፋ ያስረዝማል ተብሎ በመመሪያ ከተከለከለ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ዐሥራ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ፣ በወረፋ ቁጥሩ ወደየመስኮቱ ይገባል፣ ጣቱን ያስነካል፣ አራት ደቂቃ ያነባል፣ ይወጣል። ከዚያ በር ጠባቂው ባሮክ «ቀጣይ!» ይላል። ገጹ ሥራ ከጀመረበት ከ2065 አንስቶ 118,406 ሰዎች ምድባቸውን አይተዋል። ከእነዚህ ውስጥ የተቃወሙት ሠላሳ ስምንት ናቸው።

ኤልዳና ይህን ቁጥር በቃሏ ታውቀዋለች። ወርሃዊው ሪፖርት በእሷ ጠረጴዛ በኩል ነው የሚያልፈው። ሪፖርቱ ሁልጊዜ «የነዋሪው እርካታ ከፍተኛ መሆኑ በቁጥር ተረጋግጧል» ብሎ ይጀምራል። እሷም ሁልጊዜ ነጠላ ሰረዞቹን አስተካክላ ታሳልፈዋለች።

ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው። የሥራ መደቧ ገጽ አስገቢ ይባላል። እሷ ልጅ ሳለች ሰው ድረ ገጽን ከኪሱ ባወጣው ስልክ እንዳሻው ይከፍት ነበር። አሁን ማንኛውም ገጽ የሚታየው በአዳራሹ ፕሮግራም ሆድ ውስጥ፣ በተለካለት ክፈፍ ብቻ ነው። ሰዉ ክፈፉን መስኮት ይለዋል። ገጹን ከፕሮግራሙ ውስጥ የሚከፍተው ዐሥራ አራት መስመር ስክሪፕት ነው፦ የገጹ አድራሻ፣ ወርድ፣ ቁመት፣ የሚከፈትበት ሰዓት፣ የሚዘጋበት ሰዓት፣ እንዲህ እንዲህ ያለ። ኤልዳና እነዚህን መስመሮች ስትጽፍና ስታርም ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗታል። መስመሮቹ ከብደዋት አያውቁም። አንድ ቁጥር ለመቀየር ሦስት ፊርማ መለመን ግን አድክሟታል። ጡረታዋ ሁለት ዓመት ቀርቶታል።

ጉድጓዶቹ ከደረቁ ወዲህ ከተማዋ በየዓመቱ ሃያ ሺህ ያህል ሰው ታሰናብታለች። ማን ወዴት እንደሚሄድ የሚነግረው የስምሪት ገጹ ነው፤ የሚከፈተውም ሐሙስ ሐሙስ ነው። ምድቡን ያየ ሰው በዐሥር ቀን ውስጥ ካልተቃወመ ዝምታው እንደ ስምምነት ይቆጠርበታል። በእነዚያ ዐሥር ቀናት ውስጥ ገጹን አንድ ጊዜ ደግሞ ማየት ይፈቀድለታል። ሦስተኛ ጊዜ የለም።

ያን ቀን ጎረቤቶቿ ጋሽ ኪሩቤልና እትዬ ትህትና ተራቸው ነበር። ከኤልዳና ጋር በአንድ ግቢ ሲኖሩ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። እሱ ሰባ ስድስት፣ እሷ ሰባ ሦስት ሆኗቸዋል። ኤልዳና ወደ ቢሮዋ ስታልፍ በወረፋው መካከል አየቻቸው። ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልለቀቀም። እትዬ ትህትና የባሏን ክራቫት ይዛ ትጎትታለች።

«ጠማማ ነው።»

«ለኮምፒውተር ብዬ ልሞሸር ነው እንዴ?»

«ፎቶ ያነሳሃላ! ጠማማ ሰውዬ ነው ብሎ ጎዴ ይወረውርሃል።»

«ይወርውረኝ፤ ሙቀት ነው፣ ለጉልበቴ ይስማማል።» ጋሽ ኪሩቤል ኤልዳናን ሲያይ ባርኔጣውን አነሳላት። «ኤልዱ፣ እኔ ባንክ ሳለሁ ‹ሲስተም የለም› እያልኩ ስንቱን ሰው ባዶ እጁን ወደ ቤቱ መልሻለሁ መሰለሽ። ይረግሙኝ ነበር። አሁን እንደዚያ የሚለኝ ሰው ባገኝ እግሩን እስመዋለሁ። ዛሬማ ሲስተሙ አንድ ቀን እንኳ አይጠፋም። የሚጠፋው ሰው ነው።»

«አፍህን ዝጋ፣ ውርጭ ይገባብሃል» አለችው ሚስቱ።

በሦስት ሰዓት ተኩል ሲወጡ ኤልዳና በቢሮዋ በር ላይ ቆማ ነበር። አወጣጣቸውን ስታይ አወቀች።

«እኔን ከመተማ በታች፣ አዲስ ሰፈር ዘጠኝ» አለች እትዬ ትህትና፣ ከገበያ የሚገዛ ዕቃ የምትቆጥር ይመስል። «እሱን ከጎዴ ወዲያ፣ አዲስ ሰፈር ሠላሳ አንድ። ከጥር አንድ ጀምሮ።»

«ለየብቻ?»

«‹የቤተሰብ ሁኔታ፦ ብቸኛ› ይላል። የሁለታችንም።»

ጋብቻቸው የተፈጸመው ከአርባ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በእትዬ ትህትና አባት ሳሎን፣ በሦስት ሽማግሌዎች ፊት ነበር። ማስመዝገቡ ነገ ዛሬ ሲባል ቀርቷል። ሽማግሌዎቹ ሞተዋል። መዝገቡ ደግሞ የሚያውቀው የተመዘገበውን ብቻ ነው።

«ይቃወሙ» አለች ኤልዳና። «ገጹ ላይ፣ ከታች፣ ‹ተቃውሞ አለኝ› የሚል ቀይ አዝራር አለ።»

«የለም» አለ ጋሽ ኪሩቤል።

«አለ ጋሼ። ድንጋጤ ላይ ሆነው ነው ያላዩት።»

«ልጄ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ፎርም ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ። የመጨረሻው መስመር ‹የመነሻ ቀን ጥር 1› ይላል። ከሱ በታች የመስኮቱ ጠርዝ ነው።»

ኤልዳና በሚቀጥለው ሐሙስ ተመልሰው እንዲያዩ፣ በዚያኛው ጊዜ ግን ልብ ብለው እንዲያነቡ ነግራ ሸኘቻቸው። ቢሮዋ ገብታ ከተቀመጠች በኋላ ነው «ድንጋጤ ላይ ሆነው ነው» የሚለውን መልስ ከዚህ በፊት ለስንት ሰው እንደሰጠች ያሰበችው። በሳምንት ሦስት አራት ሰው ይጠይቃታል። ስድስት ዓመት ሙሉ።

ልማዷ ስለሆነ ለካች። ለሙከራ የተመዘገበ አንድ ነዋሪ አለ፤ በ2065 ራሷ የፈጠረችው። ስም እስከ ቅድመ አያት መጻፍ ግዴታ ስለሆነ አራት ስም ያስፈልገው ነበር፤ እሷም ለመተየብ እንዳይረዝምባት «ሀ ለ ሐ መ» ብላዋለች። ገጹን በእሱ ስም ከፈተች። ቀዩ አዝራር ከክፈፉ የታች ጠርዝ አራት ነጥብ ከፍ ብሎ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እፎይ አለች። ቀጥሎ በጋሽ ኪሩቤል ትንሽ ተናደደችበት።

በምሳ ሰዓት የሠላሳ ስምንቱን ተቃዋሚዎች ዝርዝር ከፈተች።  አሊ ኑር አሊ አደም። ኬና ቶላ ጉታ ዋቆ። ሳባ ሞላ ደሴ ሹሜ። ሩት ጎሹ ሮባ አየለ። እስከ መጨረሻው ወርዳ እንደገና ከላይ ጀመረች። የሰፈር፣ የዕድሜ፣ የሥራ ግንኙነት ፈለገችላቸው፤ አጣች። በሦስተኛው ንባብ ላይ ስሞቹን ትታ ዓምዱን አየችው። ጠባብ ነበር። ከዝርዝሩ ሁሉ አንድም ወልደ፣ አንድም ገብረ፣ አንድም ኃይለ የለም። ፊደል በፊደል ቆጠረች። ከሠላሳ ስምንቱ መካከል አራቱ ስሞቹ ተደምረው ከዘጠኝ ፊደል የበለጡበት ሰው አልነበረም።

ሁለተኛ የሙከራ ነዋሪ ፈጠረችና «ትህትና ወልደመስቀል ገብረኢየሱስ ኃይለማርያም» ብላ ሰየመችው። ገጹ ተከፈተ። ስሙ በአንድ መስመር አላለቀም፤ በሁለትም አላለቀም። የተጨመረው እያንዳንዱ መስመር ከሥሩ ያለውን ሁሉ 46 ነጥብ ገፍቶ አወረደው። የመጨረሻው የሚታይ መስመር «የመነሻ ቀን ጥር 1» ሆነ። አዝራሩ አልተሰረዘም፣ አልተበላሸም። ከጠርዙ በታች፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ ሊነካ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል።

ከመዝገቡ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ ባለፉት ስድስት ዓመታት ገጹን ካዩት ውስጥ ስማቸው በአንድ መስመር የሚያልቅ ስንት ናቸው? መልሱ ሃምሳ አንድ ነበር። አዝራሩን ያዩት ሃምሳ አንድ፤ የነኩት ሠላሳ ስምንት። ከአራት ሰው ሦስቱ ማለት ነው። ምሳዋን ሳትከፍተው ወደ ቦርሳዋ መለሰችው።

የአዳራሹ ኃላፊ ቃልአብ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣ ሥራውን ያስተማረችው እሷ ስለሆነች አለቃዋ ከሆነ በኋላም አንተ ትለዋለች፤ እሱም እርስዎ ይላታል።

«ቁመቱ ያንሳል» አለችው።

«የቱ ቁመት?»

«የስምሪት ገጹ። ስሙ ከዘጠኝ ፊደል የሚበልጥ ሰው አዝራሩ አይታየውም።»

«ስንት ሰው ነው ከዘጠኝ የሚበልጠው?»

«አንተ ትበልጣለህ። እኔም እበልጣለሁ። ውጪ የተሰለፈው ሁሉ ይበልጣል።»

ቃልአብ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው።»

«ማን ነበር የለካው?»

«እኔ።»

ይጮኽብኛል ብላ ነበር። አልጮኸም። ነገሩን ለመረዳት አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም፤ ቆይታ ስታስበው ከሁሉም ያደከማት ይኼ ነበር።

«እትዬ ኤልዳና፣ ዛሬ ቀየርነው እንበል። ነገ ከበላይ ‹ለምን?› ይላሉ። ‹አዝራሩ አይታይም ነበር› እንላለን። ታዲያ እስካሁን ‹ዝም ብለዋል› ተብለው የሄዱት? መቶ ዐሥራ ስምንት ሺህ ሰው መልሰው ሊያመጡልኝ ነው?»

«ስለ ሄዱት አላወራሁም። በሚቀጥለው ሐሙስ ስለሚመጡት ነው።»

«የመጠን ኮሚቴው ታኅሣሥ 20 ይሰበሰባል። በጽሑፍ ያቅርቡ፣ እኔ ፈርሜ አሳልፈዋለሁ።»

«የእነሱ ቀን ኅዳር 18 ያልቃል።»

«የእነማን?»

«የማንም» አለች ኤልዳና።

ደብዳቤውን ጻፈች። ማህተም ተመታበት፤ የገቢ ቁጥር 4417 ተሰጠው። ቁጥሩን ማስታወሻዋ ላይ ከገለበጠች በኋላ ወንበሯን ወደ መስታወቱ አዙራ ሰዉን ስታይ ቆየች። ከቢሮዋ መስታወት አዳራሹም በሩም ይታያል። ዐሥራ ሁለት ጀርባ። አንዳንዱ ሰው ንባቡን ጨርሶ ጊዜው እስኪያልቅ ስክሪኑን ዝም ብሎ ያያል።

ኮሚቴው የሚያዝዘው በአገልግሎት መስኮቶች ላይ ነው። ዐሥራ ሁለተኛው መስኮት ሲገዛ ለሙከራ ተብሎ የተመዘገበ ነው። ሰው ሲበዛ በ2067 ለሕዝብ ተከፈተ፤ ከሙከራ ዝርዝሩ ግን ያወጣው የለም። የሙከራ መስኮትን መጠን ገጽ አስገቢ ብቻዋን መቀየር ትችላለች። ኤልዳና ይህን ሁልጊዜም ታውቅ ነበር፤ ቀለም ስትሞክር ትጠቀምበታለች። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ስክሪፕቱን ከፍታ ዐሥራ አምስተኛ መስመር ጨመረችበት፦ መስኮቱ 12 ከሆነ፣ ቁመት 740። በረጅሙ ስም ሞከረችው። አዝራሩ ወጣ። ክፈፉ ወደ ታች ስለረዘመ ከሥሩ ያለውን የደቂቃ ቆጣሪ ሸፈነው። ይህን ማስተካከል አልቻለችም።

ያን ዕለት ከሥራ ስትመለስ ባልና ሚስቱን ግቢው ውስጥ፣ የውኃ ቧንቧው ጋ አገኘቻቸው።

«ዐሥራ ሁለተኛ ሆናችሁ ነው መግባት ያለባችሁ። በአንድ ዙር አይሆንም። ጋሼ በአንዱ ዙር መጨረሻ፣ እርስዎ በሚቀጥለው ዙር መጨረሻ።»

«ይሄ ምን ያስቸግራል?» አለ ጋሽ ኪሩቤል። «የሚያስቸግረው ፊት መሆን ነው እንጂ!»

«አታውቅም አንተ» አለች ሚስቱ። «ሽበት ይዘህ ‹ከኋላ ልሁን› በል እስቲ።»

«ለማንም እንዳትነግሩ» አለች ኤልዳና። «መስኮቱ አንድ ነው። በቀን ሠላሳ ስድስት ሰው ብቻ ነው የሚያየው።»

ጋሽ ኪሩቤል እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «እኔ የባንክ ሰው ነኝ። ምስጢር ሥራዬ ነበር።»

ኅዳር 15 ቀን ሐሙስ ውርጩ ከባለፈው የባሰ ነበር። ኤልዳና ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ መስታወቷ ጋ ነበረች። ባሮክ በር ላይ ቆሞ በእጁ እየቆጠረ ያስገባል። ለባሮክ አልነገረችውም፤ ዘወትር ማታ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ነው።

በአራተኛው ዙር ጋሽ ኪሩቤል ዐሥራ ሁለተኛ ነበር። ከፊቱ ያለች ሴት ዞር ብላ አየችውና ወደ ጎን ቆመች።

«አባባ ይለፉ።»

«እዚሁ ይሻለኛል። እግሬን አሞኛል።»

«ታዲያ እግርዎን ካመመዎት ይቅደሙ እንጂ!»

«ቆሜ ነው የሚሻለኝ!» ብሎ ጮኸባት። ሰዉ ሳቀ። ሴትየዋ ከንፈሯን ነክሳ ተመለሰች፤ እሱም በክፉ ሽማግሌነቱ ዐሥራ ሁለተኛ ሆኖ ገባ።

ኤልዳና ጀርባውን አየች። ባርኔጣውን አውልቆ በብብቱ ያዘ። አጎንብሶ አነበበ፣ ቀና አለ፣ ጣቱን ዘረጋ። ለምክንያት የሚሰጠው ሦስት መስመር ነው፤ አንድ ብቻ ጻፈ፦ «ባለቤቴ ወደምትሄድበት መድቡኝ።» በእሷ ስክሪን ላይ የተቃውሞው ቁጥር ከሠላሳ ስምንት ወደ አርባ ሦስት ሄዶ ነበር፤ ጠዋት ቀድመው በዐሥራ ሁለተኛው የገቡት ሦስት ሰዎችም ሳይነገራቸው አይተው ነክተዋል። እሱ አርባ ሦስተኛ ሆነ። ስትቆጥር አንድ ቁጥር የተረፈ መሰላትና ዝርዝሩን ከፈተች፤ ከሌላ መስኮት «ሊያ ኑሩ አባ በሪ» የሚባሉ ሴት ነበሩ። ስምንት ፊደል።

መውጫው በወረፋው ጎን ነው የሚያልፈው። ጋሽ ኪሩቤል ባርኔጣውን ሳይደፋ፣ ፊቱ በርቶ ወጣ። በዚያው ዙር ከሦስተኛው መስኮት የወጣች አንዲት ሴት ከፊት ከፊቱ ትሄድ ነበር። ግድግዳው ላይ ‹መቃወም መብት ነው› የሚለው ማስታወቂያ ሥር ስትደርስ ቆመች፣ ባሮክን «ወንድሜ፣ የቱ ጋ ነው?» አለችው፣ ባሮክም «ገጹ ላይ ነው» አላት፣ እሷም «የለም እኮ» ብላ ማልቀስ ጀመረች። ኤልዳና በመስታወቱ ድምፅ አይሰማትም፤ የሆነውን ማታ ነው የነገሯት። ያየችው ጋሽ ኪሩቤል ሴትየዋን አልፎ ሄዶ፣ ቆሞ፣ ሲመለስ ነው። ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ አንድ ነገር አላት።

«ስንተኛ ጊዜሽ ነው?» ብሏት ነበር። የመጀመሪያዋ እንደሆነ ስትነግረው፣ «በሚመጣው ሐሙስ ዐሥራ ሁለተኛ ሆነሽ ግቢ። አዝራሩ እዚያ ነው ያለው።»

ሴትየዋ አላመነችውም። ጮክ ብላ «ዐሥራ ሁለተኛው ላይ ብቻ?» አለች።

ከዚያ በኋላ ወረፋው ያደረገውን ኤልዳና በሠላሳ አንድ ዓመት አይታ አታውቅም። ቃሉ ከአፍ ወደ ጆሮ እየተቀባበለ ወደ ኋላ ሲሄድ በዓይን ይታያል። ማንም አልተጋፋም፣ ማንም አልተሳደበም። ሰዉ መተላለፍ ጀመረ።

«ይለፉ።»

«ኧረ እርስዎ ይለፉ።»

«አይገባም፣ እርስዎ ቀድመው ነው የመጡት።»

«ግድ የለም፣ አልቸኩልም።»

ባሮክ እጁን ዘርግቶ ቀረ። «ምን ነክቷችኋል ዛሬ? ወረፋ ነው ወይስ ሰርግ? ግቡ እንጂ!»

እትዬ ትህትና በቦታዋ፣ ለአምስተኛው ዙር ዐሥራ ሁለተኛ ሆና ቆማ ነበር። ከፊቷ ያለው የሥራ ጃኬት የለበሰ፣ አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው ነው። ወሬው ሲደርሰው ጣቱን እየቀሰረ ከፊቱ ያሉትን ቆጠረ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ አንገቱን ሰበረ።

«እማማ፣ ከፊቴ ይሁኑ።»

«አይ ልጄ፣ እዚሁ ደህና ነኝ።»

«እንዴት ይሆናል? እናቴን የሚያክሉ ሰው ከኋላዬ አቁሜ እኔ ልግባ?»

«ተባረክ፣ ግድ የለህም።»

«በማርያም ይለፉ!»

 ከኋላዋ ያሉት ደግሞ «ይለፉ እንጂ እማማ፣ ሰው ሲያከብርዎት» ይሏታል። ሰውየው ዓይኗን አላየም። የሚያውቀውን እንደምታውቅ አውቋል። እውነቱን ብትነግረው ቦታውን ከእጁ መንጠቅ ነው፤ ዝም ብላ እንቢ ብትል ደግሞ በማርያም ስም የቀረበላትን ልመና ረግጣ ማለፍ ነው። ሰባ ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን አድርጋ አታውቅም።

«ትህትና! እንቢ በይው!» ጋሽ ኪሩቤል ከወረፋው ገመድ ወዲያ ጮኸ።

«አባባ፣ የወጣ ሰው እዚህ አይጮኽም» አለው ባሮክ።

አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደች።

ዐሥራ አንደኛው መስኮት የአገልግሎት መስኮት ነው። ቁመቱ 640። ኤልዳና እጇን ከቁልፍ ሰሌዳው ላይ አነሳች፤ በእሱ ቁጥር ላይ የምታደርገው ነገር አልነበረም። እትዬ ትህትና ገጹን እስከ መጨረሻው ስታነብ፣ ጨርሳም መነጽሯን ስታወልቅ፣ ከዚያ መዳፏን የስክሪኑ የታች ጠርዝ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ከግራ ወደ ቀኝ ስታንሸራትት አየቻት፤ ስንጥቅ የምትፈልግ ይመስል ነበር። ቆጣሪው ከእጇ ሥር ወደ ዜሮ ይወርዳል። ከጎኗ ያለው ሰው ቆጣሪ አይታየውም፤ ረጋ ብሎ ሦስቱንም መስመር ሞላ። ኤልዳና በኋላ አነበበችው፦ «እናቴ ሕመምተኛ ናት። ሌላ ቦታ ተመድባለች። ከእኔ ሌላ ሰው የላትም።»

በስምንት ሰዓት ቃልአብ ወደ ቢሮዋ መጣ። አልተቀመጠም።

«ከዐሥራ ሁለተኛው እስካሁን ዐሥራ ዘጠኝ ተቃውሞ መጥቷል። ምን አድርገው ነው?»

«ሙከራ ነው።»

«ውጤቱስ?»

«ይሠራል።»

«ችግሩም እሱ ነው» አለና መስታወቱን አየ። ውጪ ሰዉ አሁንም እየተላለፈ ነው። «እስከ ማታ ልተወው አልችልም ብዬ ነበር የመጣሁት።» ወደ በሩ ዞረ። «በዐሥራ አንድ ሰዓት ይመልሱት። እኔ እስከዚያ ስብሰባ ላይ ነኝ።»

በዐሥራ አንድ ሰዓት ዐሥራ አምስተኛውን መስመር አጠፋችው። ያን ቀን በዐሥራ ሁለተኛው መስኮት ሠላሳ ስድስት ሰዎች ገብተው ሃያ ሰባቱ ተቃወሙ። በቀሩት ዐሥራ አንድ መስኮቶች 396 ሰዎች ገብተው አንዷ ተቃወመች፤ ስሟ ስምንት ፊደል የሆነችው።

ግቢ ስትደርስ ሁለቱ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። ጋሽ ኪሩቤል ክራቫቱን አልፈታም።

«እኔ ነኝ የተናገርኩት» አላት ኤልዳናን፣ ሰላምታ ሳይሰጣት።

«በማርያም አለኝ እኮ» አለች እትዬ ትህትና። «ምን ልበለው?»

«እንቢ በይው ነዋ! እኔ እንዴት እንዳልኩ አላየሽም?»

«አየሁ። ሴትየዋን አስቀየምካት።» ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያለቀሰችዋን ደግሞ ዝም ብለህ ብታልፋት ኖሮ ዛሬ አላናግርህም ነበር። ስለዚህ ተወው። ደክሞኛል።»

ኤልዳና ባዶ ጀሪካናቸውን አንስታ ከቧንቧው ሞልታ አመጣችላቸው።

ኅዳር 18 ቀን የእትዬ ትህትና ዝምታ እንደ ስምምነት ተመዘገበ። በዚያው ሳምንት ዐሥራ ሁለተኛው መስኮት ከሙከራ ዝርዝር ወጥቶ የአገልግሎት ሆነ፤ ኤልዳናም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ታኅሣሥ 20 የመጠን ኮሚቴው የገቢ ቁጥር 4417ን መርምሮ የቁመቱ መጠን በሙከራው ነዋሪ ሲለካ በቂ ሆኖ መገኘቱን አስታወቀ። የወሩ ሪፖርት የተቃዋሚዎች ቁጥር ማደጉን ጠቅሶ «ይህም የነዋሪው ተሳትፎ መጎልበቱን ያሳያል» ይላል። ኤልዳና ነጠላ ሰረዞቹን አስተካከለች፤ ቀጥላ ከግርጌው፣ ባለፉት ስድስት ዓመታት አዝራሩን ያዩትን ሰዎች ብዛት ጨመረች። ሪፖርቱ ሲመለስ መስመሩ ተሰርዞ ነበር። በሚቀጥለው ወርም ጨመረችው።

የጋሽ ኪሩቤል ተቃውሞ መልስ የመጣው ታኅሣሥ 16 ነው፦ «በከፊል ተቀባይነት አግኝቷል።» ምድቡ ከጎዴ ወዲያ ወደ መተማ በታች ተዛወረ። የቤተሰብ ሁኔታው አልተቀየረም። እትዬ ትህትና የሄደችው አዲስ ሰፈር ዘጠኝ ሀ፣ የብቸኛ ሴቶች መኖሪያ ነው፤ እሱ የሄደው አዲስ ሰፈር ዘጠኝ ለ፣ የብቸኛ ወንዶች መኖሪያ። ጥር 1 ቀን በሁለት አውቶቡስ ተጫኑ።

በየካቲት መጀመሪያ አንድ ሾፌር ከጋሽ ኪሩቤል የተላከ ወረቀት አመጣላት። ከሰላምታው በታች ልኬት ብቻ ነበር። ከሰፈር ዘጠኝ ለ በር እስከ ሰፈር ዘጠኝ ሀ በር አራት ኪሎ ሜትር ከሁለት መቶ ሜትር ነው። እሱ በሰማንያ ሁለት ደቂቃ ይደርሳል።